ከቺፕስ ከረጢት ጋር የምንታገለው ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ግማሹ አየር ነው፤ አየሩ ቢወጣለት ምግቡ ለእጃችን ይቀርብ ነበር።»

ከረጢቱን የሚነፋው አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን የተጠበሰበትን ዘይት ያከረፋል፤ ናይትሮጅን ግን አይነካውም። በዚያ ላይ በጉዞ ወቅት እንደ ትራስ ሆኖ ቺፕሱን ከመሰባበር ያድናል። አንዳንዱ አምራች ከሚያስፈልገው በላይ እንደሚነፋ አልክድም። ይሁን እንጂ እጃችን እስከ አንጓው ቅባትና ጨው የሚለብሰው ከረጢቱ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ነው፤ ይህ ደግሞ ለማሽኑ የተመቸ ቅርጽ ነው። ማሽኑ ፕላስቲኩን በቱቦ ዙሪያ ጠቅልሎ ጀርባውን ያጣብቃል፤ ታችኛውን ጫፍ ይዘጋል፤ ቺፕሱን ከላይ ይለቅበታል፤ በመጨረሻም አፉን ያሽጋል። ተመጋቢውን የጠየቀ የለም።

«አልከፈት የሚለኝ ጉልበት ስለሚያንሰኝ ነው።»

ፕላስቲኩ ሲመረት በርዝመቱም በወርዱም ስለሚወጠር፣ ጠርዙ እስካልተነካ ድረስ ጠንካራ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁርጥ ካገኘ ግን ኃይሉ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፍና ተተርትሮ ይሄዳል። ቁርጥ በሌለው ከረጢት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሁለቱን ፊቶች ጨምድደን እንጎትታለን፣ ምንም የለም፤ ጥርሳችንን ነክሰን እንደገና እንጎትታለን፤ ከረጢቱ በአንድ ጊዜ እስከ ታች ይሰነጠቅና ቺፕሱ ወለሉ ላይ ይበተናል። ጉልበትስ ተርፎ ነበር። መፍትሔው ጠርዙ ላይ ቁርጥ ማበጀት፣ ቅዱ የሚሄድበትንም መስመር በሌዘር መጫር ነው። ቁርጡ ግን በቀለም ይለይ፤ ተፈልጎ የማይገኝ ቁርጥ እንደሌለ ይቆጠራል።

«የቱቦው ማሸጊያ የጠበበው እጅ እንዳይገባበት ታስቦ ነው።»

ፕሪንግልስ የተባለው ቺፕስ የሚሸጥበትን ቱቦ የቀየሰው የኬሚስትሪ ባለሙያው ፍሬድ ባወር የተጨነቀው ስለ ስብርባሪ ነበር። ቺፕሶቹ አንድ ዓይነት ጉብጠት ስላላቸው ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ የቱቦው ስፋትም የሚለካው በእነርሱ ነው። (ባወር በሥራው ይኮራ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሎ ከአመዱ ከፊሉ በዚያው ቱቦ ውስጥ ተቀብሯል።) እጅ ከማስገባት ቱቦውን ማዘንበል ይሻላል። ከዚያም የሚሻለው፣ ከታች ሲገፉት ወለሉ ከነቺፕሱ ወደ ላይ የሚወጣ ቱቦ ነበር።

«በቀላሉ የሚከፈት ማሸጊያ የሚያስፈልገው ለአረጋውያን ነው።»

ልጅ የታቀፈ ሰው፣ እጁ የረጠበ ሰው፣ ጣቱ የቆሰለ ሰውም ያስፈልገዋል። ለማሸጊያ አከፋፈት ቀላልነት አይኤስኦ 17480 የተባለ ዓለም አቀፍ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል።

«ከረጢት የሚከፈተው ከላይ ነው።»

ከረጢት በተነቀነቀ ቁጥር ትንንሹ ስብርባሪ በትልልቁ መካከል እየሾለከ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የከፈተ ሰው የመጨረሻውን የሚያወጣው ክንዱን ዘፍቆ ነው። ከጀርባው የሚወርደውን መጋጠሚያ ከላይ እስከ ታች ቢከፍቱት ግን ከረጢቱ ተዘርግቶ ሳህን ይሆናል። መልሶ ስለማይታጠፍ፣ ለብቻዎ እየበሉ ግማሹን ለነገ ማቆየት ካሰቡ አይሞክሩት።