ካናዳ ውስጥ «አናሳ» ማነው?

የካናዳ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ቅጽ ላይ «የኦፊሴል ቋንቋ አናሳ ማኅበረሰብ» የሚል ካያችሁ፣ ስለ ቆዳ ቀለም ወይም ስለ ስደተኝነት እንዳይመስላችሁ። ነገሩ የቋንቋ ነው (የአገሪቱ ኦፊሴል ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸው)፣ ያውም እንደምትኖሩበት ክፍለ ግዛት የሚለዋወጥ። ሞንትሪያል ያለ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሠዓሊ በዚህ ትርጉም አናሳ አይደለም፤ ኬቤክ ውስጥ አናሳው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ነው (አዎ፣ እንግሊዝኛ!)። ያው ሠዓሊ ጓዙን ጠቅልሎ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወደሚበዛበት ዊኒፔግ ቢገባ ግን፣ ማለትም ሰርክል ሞልየር የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በፈረንሳይኛ ቴአትር የሚያሳይበት ከተማ፣ በአንድ ጊዜ አናሳ ይሆናል።

ከኮንጎ መጥቶ አፉን በሊንጋላ የፈታ ሙዚቀኛስ? ኦንታሪዮ የተባለችው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ፈረንሳይኛ የሚያውቅና ቤቱም የሚያወራበት ከሆነ ፍራንኮፎን (ፈረንሳይኛ ተናጋሪ) ብላ ትቆጥረዋለች። ከዚያ በፊት የሚታየው አፍ መፍቻ ቋንቋ ነበር።