ጎርፍ፣ ካርታና የሰፈር ሰው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሰፈር ሰው ስለ ጎርፍ የሚያውቀው ነገር ለምን ከተማ ፕላን ውስጥ አይገባም ሲባል የሚሰጡት መልሶች አብዛኞቹ ትክክል አይደሉም።

«ነዋሪው ወሬ እንጂ መረጃ የለውም።»
በታንዛኒያዋ ዳሬሰላም ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው ራማኒ ሁሪያ በተባለ ሥራ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ነዋሪዎች በእግራቸው እየዞሩ ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ሰፈሮች ካርታ ሠርተዋል። የቦዮቹን ስፋት፣ ጥልቀት፣ በቆሻሻ መደፈን አለመደፈናቸውን ጭምር መዝግበው ማንም በነፃ በሚጠቀምበት ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው የኢንተርኔት ካርታ ላይ ጫኑት። አንዲት እናት «ውሃው እስከዚህ ደርሶ ነበር» ብለው ግድግዳቸው ላይ የሚያሳዩት ምልክትም በሜትር ከተለካ መሐንዲስ የሚያሰላበት ቁጥር ይሆናል።

«የሳተላይት ምስል ካለ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም።»
ሳተላይት ጣሪያ ያያል። ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ በፌስታልና በሃይላንድ መታፈኑን የሚያውቀው ግን ክረምት በገባ ቁጥር አካፋ ይዞ የሚወጣው ጎረቤት ነው።

«እኛ ጋ ካልዘነበ ጎርፍ አይመጣም።»
ይህ እምነት ሰው ይገድላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ያለቀው በሌሊት ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ የወረደው ከደጋው ነበር። ስለዚህ ከተማው ከራሱ ወሰን ወጥቶ ከላይ ያለውን ገበሬም መጠየቅ አለበት፤ ዝናቡን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

«ሕዝቡን ሰብስበን አወያይተናል።»
ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማሳወቅ እንጂ ማሳተፍ አይደለም። የሚጠየቁትም ብዙ ጊዜ የቤት ባለቤቶችና የእድር ዳኞች ናቸው፤ ወንዝ ዳር ያለችው ክፍል ውስጥ የሚያድረው ተከራይ አይጠራም። ፍርሃትም አለ፦ «ቤቴ ጎርፍ ይገባዋል» ያለ ሰው ነገ «ተነሳ» ሊባል ይችላል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ዳሬሰላም ውስጥ ጎርፍ በሚያጠቃው በምሲምባዚ ሸለቆ ቤቶች ፈርሰዋል። መረጃው ለምን እንደሚውል አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተነገረው ሰው ዝም ይላል፤ አይፈረድበትም።

«የአካባቢው ሰው ካለ አለቀ።»
ይህም ልክ አይደለም። ሰው ትልቁን ጎርፍ ያስታውሳል፣ ዓመቱን ይስታል። አዲስ አስፋልት የውሃውን መሄጃ ይቀይራል፤ የዝናቡም ጠባይ እየተለወጠ ነው። የጎረቤቶች ቃል እርስ በርስና ከዝናብ መለኪያ መዝገብ ጋር መመሳከር አለበት። ካርታው ክረምት በወጣ ቁጥር ታድሶ፣ ታትሞ ወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ነዋሪው የተሳሳተውን በእስክሪብቶ ያርመው።