የመልስ አድራሻ፦ ከቢትኮይን ዝውውር የተረፈው ገንዘብ የት ይገባል?

ከዋሌታችሁ (ቢትኮይን ከምትይዙበትና ከምትልኩበት መተግበሪያ) ትንሽ ቢትኮይን ላካችሁ እንበል። መድረሱን ለማየት ብሎክ ኤክስፕሎረር፣ ማለትም ዝውውሮችን የሚያሳይ ድረ-ገጽ፣ ትከፍታላችሁ። እዚያ ሁለት አድራሻ ተቀምጧል። አንዱ የተቀባዩ ነው፤ የላካችሁት ያህል ገብቶበታል። ሌላውን ግን አይታችሁት አታውቁም፤ የገባበት ገንዘብ ደግሞ ከላካችሁት ይበልጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ክው ይላል፤ የተዘረፈ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ አድራሻ የራሱ ነው። የመልስ አድራሻ ይባላል።

መልስ ስንል የጥያቄ መልስ አይደለም። ሂሳብ ከፍለን የሚመለስልን ገንዘብ ነው። ቃሉ ልክክ ይላል፤ ቢትኮይን ከባንክ ሂሳብ ይልቅ ለጥሬ ገንዘብ ይቀርባልና። ዋሌቱ አንድ ድምር ቁጥር ያሳያችኋል። ከስሩ ያሉት ግን በተለያየ ጊዜ የገቡ፣ መጠናቸው የተለያየ ቁርጥራጮች ናቸው። በሙያው ዩቲኤክስኦ ይባላሉ፤ ገና ያልወጣ ገንዘብ እንደማለት ነው። አንድ ቁራጭ ከወጣ ሙሉው ነው የሚወጣው። ኖት ለሁለት ቀደን እንደማንከፍል፣ ይህም አይቀደድም።

በቁጥር እንየው። የ0.5 ቢትኮይን አንድ ቁራጭ አላችሁ። 0.12 መላክ ፈለጋችሁ። ዋሌቱ 0.5ቱን እንዳለ ያወጣና ለሁለት ይከፍለዋል፦ 0.12 ለተቀባዩ፣ 0.3799 ለእናንተ። ሁለቱ ሲደመሩ 0.4999 ይመጣሉ። የጎደለችው 0.0001 የማይነሩ (ዝውውሮችን መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው) ክፍያ ናት። ልብ በሉ፣ ክፍያው ዝውውሩ ውስጥ ለብቻው አይጻፍም። ከገባው ላይ የወጣው ተቀንሶ የተረፈው ሁሉ የማይነሩ ነው።

ስለዚህ መልሱን መርሳት ቀልድ አይደለም። ዋሌት ሥራውን በራሱ ይሠራል፤ ዝውውሩን በእጁ ወይም በራሱ ኮድ የሚያዘጋጅ ሰው ግን የመልሱን መስመር ከዘለለ ቀሪው በሙሉ ክፍያ ሆኖ ይሄዳል። ኔትወርኩ “እርግጠኛ ነህ ወይ?” ብሎ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2016 በተደረገ አንድ ዝውውር ተቀባዩ ያገኘው 0.0001 ቢትኮይን ሲሆን ለክፍያ የሄደው 291 ቢትኮይን ነበር።

መልስ ከቢትኮይን ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2009 የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ናካሞቶ ለፕሮግራመሩ ሃል ፊኒ 10 ቢትኮይን ላከ። ከሰው ወደ ሰው የተደረገ የመጀመሪያው ዝውውር ይህ ነው፤ ብሎክ 170 ላይ (የዝውውር መዝገቡ ቁጥር 170 ገጽ እንደማለት ነው) ዛሬም ይታያል። ሳቶሺ ያወጣው ቁራጭ 50 ቢትኮይን ነበር። 10ሩ ለፊኒ ሄደ፣ 40ው ተመለሰ። የተመለሰው ገንዘቡ ወደወጣበት ወደዚያው ቁልፍ ነው፤ ቁልፍ ማለት አድራሻው የሚወጣበት፣ ገንዘቡንም ለመላክ የሚያስችል ምስጢራዊ ቁጥር ነው። ሳቶሺ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ዝውውር አዲስ ቁልፍ መጠቀም እንደሚሻል መክሮ ነበር።

ምክሩ ትክክል ነው። መልስ ወደ አሮጌው አድራሻ ከተመለሰ የትኛው ክፍያ፣ የትኛው መልስ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ቀሪ ሂሳባችሁም እንዲሁ። ዋሌቶች በየጊዜው አዲስ የመልስ አድራሻ የሚያወጡት ለዚህ ነው።

አዲስ አድራሻ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። የድሮው የቢትኮይን ሶፍትዌር 100 ቁልፍ አስቀድሞ ያዘጋጅና መልስ በመጣ ቁጥር አንዱን ይጠቀም ነበር። ቁልፎቹ ያሉበትን የዋሌት ፋይል ቅጂ አንዴ ወስዶ ከዚያ ብዙ የላከ ሰው፣ ቁልፎቹ ሲያልቁ አዲሶቹ ቅጂው ውስጥ አልነበሩም። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ መልሱም አብሮ ጠፋ። ቁልፉን ወረቀት ላይ አትሞ ያስቀመጠውም ተመሳሳይ ወጥመድ ነበረበት። ቁልፉን ሶፍትዌር ላይ ያስገባል፣ ትንሽ ይልካል፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን ያጠፋዋል። ቀሪው ወረቀቱ ላይ ያለ ይመስለዋል። ቀሪው ግን ባጠፋው ሶፍትዌር አዲስ አድራሻ ላይ ገብቷል። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ሰውየው ጥንቃቄ ያደረገ መስሎት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበው የቢአይፒ 32 አሠራር ለዚህ መፍትሔ ሆነ፤ ቢአይፒ ማለት ቁጥር የተሰጠው የቢትኮይን ማሻሻያ ሐሳብ ነው። ሁሉም ቁልፍ ከአንድ ዘር፣ ማለትም ከአንድ መነሻ ምስጢራዊ ቁጥር፣ ይወጣል። ዘሩን ወክለው ወረቀት ላይ የምትጽፏቸው 12 ወይም 24 ቃላት የመልስ አድራሻዎቹንም ይመልሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው ቢአይፒ 44 ደግሞ ሁለት መስመር ለየ፦ 0 ለመቀበያ፣ 1 ለመልስ። ዋሌታችሁን በሌላ ዋሌት ስትመልሱ ገንዘቡ ጎድሎ ከታየ፣ አዲሱ ዋሌት የ1ን መስመር መፈተሹን አጣሩ።

ግላዊነቱ ግን ሙሉ አይደለም። ዝውውር የሚከታተሉ ባለሙያዎች መልሱን ለመለየት ጥሩ ዓይን አላቸው። ሁለት መጠን አስቡ፦ 0.05 እና 0.0738214። ሰው የሚልከው ድፍን ቁጥር ነው፤ የተሸራረፈው መልስ ሳይሆን አይቀርም። የአድራሻው ዓይነትም ያሳብቃል። ገንዘቡ የወጣው በ1 ከሚጀምሩ አድራሻዎች ሆኖ (ይህ 1 ከላይ ካየነው የ1 መስመር ጋር አይገናኝም) ከሁለቱ መድረሻዎች አንዱ ብቻ በ1 ከጀመረ፣ እሱ የላኪው ነው ብሎ መገመት ቀላል ነው። የማይነሩን ክፍያ ለመጨመር ገና ያልጸደቀውን ዝውውር በአዲስ ተክታችሁ ስትልኩም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀነሰው ከመልሱ ነው፤ የቀነሰው የቱ እንደሆነ ደግሞ ይታያል። መልስን ከመልስ እየቀጠሉ ረጅም ሰንሰለት መከተልም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የአንድ ባለቤት አድራሻዎችን ያሰባሰቡት በዚህ ዓይነት ግምት ነው። ግምት ስለሆነ ይስታል። በግሌ፣ ሰውን በዚህ ብቻ መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም።

መልሱ በጣም ካነሰ አይመለስም። ለተለመደው የድሮ አድራሻ ወሰኑ 546 ሳቶሺ (በፈጣሪው ስም የተጠራች የቢትኮይን ትንሿ መለኪያ) ነው፤ ከዚያ በታች ያለው “አቧራ” ይባላልና ዋሌቱ ለማይነሩ ይተወዋል። ኢቴሪየም በተባለው ሌላ ዲጂታል ገንዘብ ላይ ደግሞ መልስ የሚባል ነገር የለም፤ እዚያ ገንዘቡ እንደ ባንክ ሂሳብ ቁጥር ነው፣ የላካችሁት ብቻ ይቀነሳል። ላይትኮይን እና ዶጅኮይን የተባሉት ሌሎች ዲጂታል ገንዘቦች የቢትኮይንን መንገድ ይከተላሉ።

ሃርድዌር ዋሌት (ቁልፎችን ለብቻው የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) የሚጠቀም አንድ ነገር ያስተውል። መሣሪያው የመልስ አድራሻው ከራሱ ዘር መውጣቱን ካረጋገጠ፣ ብዙውን ጊዜ በስክሪኑ ላይ አያሳየውም፤ የተቀባዩን ብቻ አሳይቶ ማረጋገጫ ይጠይቃል። አንድ ቀን ሁለተኛ አድራሻ አሳይቶ “ይህንንም አጽድቅ” ካለ፣ ያንን አድራሻ የራሱ አድርጎ አላወቀውም ማለት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ አትፈርሙ።