የሰገራ ንቅለ ተከላ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ክረምት ሲገባ ሊጥ እሺ ብሎ አይቦካም። እናቴ ቡሃቃውን ከፈት አድርጋ ታሸትና «ይሄ እርሾ ሞቷል» ካለች፣ እኔ ጣሳ ይዤ ወደ ታች ቤት ነኝ። የማንንም እርሾ አይደለም ታዲያ፤ የታች ቤቷ ሴትዮ እርሾ አሳፍሮን አያውቅም።

የሰገራ ንቅለ ተከላም (ማዕድ ላይ ያላችሁ ይቅርታ) ያው እርሾ መዋስ ነው። በጥንቃቄ የተመረመረ ጤነኛ ሰው ሰገራ በጨው ውሃ ተበጥብጦ ይጠለልና በፊንጢጣ በኩል፣ በቱቦ ወይም በእንክብል ለታማሚው ይሰጣል። የሚፈለጉት ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው።

ንቅለ ተከላው ከተሞከረባቸው ሕመሞች አንዱ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ነው፤ ትልቁን አንጀት እያቆሰለ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። እኛ ሰፈር ደም ከታየ «አሜባ ነው» ይባልና ሜትሮኒዳዞል ይገዛል። አሜባ በእርግጥ አለ፣ ቀድሞ መመርመር ያለበትም እሱ ነው። በኮላይቲስ ጊዜ ግን የሰውነት መከላከያ የሚጣላው አብረውት ከኖሩት ባክቴሪያዎች ጋር ጭምር ነው።

ጠቡን የሚያበርዱም ባክቴሪያዎች አሉ። ከበላነው ገብስና ባቄላ ሳይፈጭ የሚቀረውን አሰር አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ። ቡቲሬት የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ቀለብ ነው፤ ግድግዳው ሲጠነክር ባክቴሪያ ሾልኮ መከላከያውን አይነካካም። መከላከያው ከልክ እንዳያልፍ የሚገቱት ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም በቡቲሬት ይበረታሉ፤ እነሱ ኢንተርሉኪን 10 የሚባል የማብረጃ መልእክት እያመነጩ የተቆጡትን ሴሎች ያረግባሉ። በኮላይቲስ ታማሚዎች አንጀት ቡቲሬት ሠሪዎቹ ተመናምነው ይገኛሉ። ቆሎ ያድናል ማለቴ ግን አይደለም፤ ሕመሙ በተነሳ ሰሞን እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የካናዳ ጥናት፣ ንቅለ ተከላውን ከወሰዱ 38 ሰዎች የ9ኙ ሕመም ሲበርድ፣ ውሃ ብቻ ከተሰጣቸው 37 ሰዎች የበረደላቸው 2 ናቸው። የሚገርመኝ ግን፣ ከ9ኙ 7ቱ የወሰዱት ከአንድ ለጋሽ ነበር። የታች ቤቷ ሴትዮ ትዝ አለችኝ።

ከዚህ በኋላ የእርሾው ምሳሌ ያነክሳል። አንቲባዮቲክ አንጀቱን ሲያራቁት ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ በሚያመጣው ተቅማጥ፣ አዲሱ እርሾ የሚገባው ባዶ ቡሃቃ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። በኮላይቲስ ግን የድሮዎቹ ነዋሪዎች አልወጡም፣ የተቆጣውም መከላከያ እዚያው ነው። አሜሪካ በ2022 እና በ2023 የፈቀደቻቸው ሁለት ምርቶችም የዲፊሲል ተቅማጥ እንዳያገረሽ ለመከላከል እንጂ ለኮላይቲስ አይደሉም።

ቤት ውስጥ መሞከርማ አይታሰብም። በ2019 እዚያው አሜሪካ መድኃኒት የተለማመደ ኢ. ኮላይ ከለጋሽ ሰገራ ተላልፎ መከላከያው የደከመ አንድ ታማሚ ሞቷል፤ ሰገራው ለዚያ ባክቴሪያ አልተመረመረም ነበር።