የሃርድ ዲስክ ጃምፐር ምንድን ነው?

የድሮ ዴስክቶፕ ውስጥ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ጨምረው ማሽኑን ሲያስነሱ አዲሱ ብቻ ሳይሆን ነባሩም ከጠፋ፣ "ዲስኩ ሞቷል" ከማለትዎ በፊት ጀርባው ላይ ያለችውን ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ፕላስቲክ ይመልከቱ። ጃምፐር የምትባለው እሷ ናት። ውስጧ ብረት አለ፤ ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ፒኖች (መርፌ በሚመስሉ ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ስትሰካ ታገናኛቸዋለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። ዲስኩ መብራት ሲያገኝ የትኞቹ ፒኖች እንደተገናኙ አይቶ ራሱን ማስተር (የኬብሉ አንደኛ ዲስክ) ወይም ስሌቭ (ሁለተኛ ዲስክ) ያደርጋል።

ይህ ያስፈለገው አይዲኢ በሚባለው ጠፍጣፋ ኬብል ምክንያት ነው። አንድ ኬብል እስከ ሁለት ዲስክ ይይዛል፤ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) የሚልከውን ትእዛዝ ደግሞ ሁለቱም እኩል ይሰማሉ። ከትእዛዙ ጋር 0 ወይም 1 የምትል አንዲት ቢት ትመጣለች፤ 0 ከሆነች ማስተሩ፣ 1 ከሆነች ስሌቩ ይመልሳል። ሁለቱም ማስተር ሆነው ከተሰኩ በአንድ ስም ሲጠሩ ሁለቱም "አቤት" ይላሉ። መልሳቸው ስለሚደበላለቅ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ ዕቃዎቹን የሚለየው ፕሮግራም) አንዱንም ላያገኝ፣ ወይም የዲስኩን ስም በተዘበራረቀ ፊደል ሊያሳይ ይችላል።

ስሞቹ ያሳስታሉ እንጂ ማስተሩ ስሌቩን አያዝም፣ ፍጥነቱም አይበልጥም። እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ስላለው ልዩነቱ የመለያ ቁጥር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ግን አለ፤ ማሽኑ ሲነሳ ማስተሩ ስሌቩ መዘጋጀቱን እስኪያረጋግጥ እስከ 31 ሴኮንድ ድረስ ሊጠብቅ ይችላል። ኮምፒውተሩ ገና ሲጀምር ግማሽ ደቂቃ ያህል ድርቅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሌለ ወይም መልስ የማይሰጥ ስሌቭ እየተጠበቀ ነው።

ጃምፐሩን ለመቀየር ማሽኑን አጥፍተው የመብራት ገመዱን ይንቀሉ፤ የኬዙን ብረት በእጅዎ ነክተው በሰውነትዎ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ያውጡ። ዲስኩን ጽሑፉ ወደ ላይ፣ መሰኪያዎቹ ወደ እርስዎ አድርገው ሲይዙት አብዛኛውን ጊዜ በግራ የኬብሉ 40 ፒን መሰኪያ፣ በቀኝ ባለ 4 ቀዳዳው የፓወር መሰኪያ፣ በመካከላቸው የጃምፐሮቹ ፒኖች ይገኛሉ። በጥፍር ከመታገል ወረንጦ ይሻላል፤ የታጠፈች ፒን ለማቃናት ሲሞክሩ ልትሰበር ትችላለች።

የትኛው ፒን ላይ ይሰካ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አሠራሩ እንደ አምራቹ ይለያያል። በብዙዎቹ የሲጌት ባራኩዳ ዲስኮች ጃምፐሩን ጨርሶ ማውጣት ዲስኩን ስሌቭ ያደርገዋል። በዌስተርን ዲጂታል ካቪያር ደግሞ ጃምፐር አለማድረግ "ኬብሉ ላይ ብቻዬን ነኝ" ማለት ነው፤ ስሌቭ ያለው ማስተር ለማድረግ ሌላ ቦታ ላይ ይሰካል። ስለዚህ ካንዱ ዲስክ የለመዱትን በሌላው ላይ አይድገሙት። ትክክለኛው ሥዕል ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ታትሟል፤ ቁጥሩ ከደበዘዘ በሞባይል ፎቶ አንስተው ያጉሉት። ትርፍ ጃምፐር እንዳይጠፋ በአንዲት ፒን ብቻ ቢያንጠለጥሉት ምንም አያገናኝም፣ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ምርጫ ኬብል ሴሌክት ነው። ሁለቱም ዲስኮች ላይ ጃምፐሩ ለዚህ በተመደበው ቦታ ይደረግና ማን ምን እንደሚሆን ኬብሉ ይወስናል። ምስጢሩ 28ኛው ሽቦ ነው፤ እስከ ጫፉ መሰኪያ ይደርሳል፣ ከመካከለኛው ጋር ግን አልተያያዘም። ይህ በደንብ የሚሠራው 80 ሽቦ ባለው ኬብል ነው፦ ሰማያዊው መሰኪያ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ጥቁሩ ጫፍ ለማስተር፣ ግራጫው መካከለኛ ለስሌቭ። 40 ሽቦ ባላቸው ተራ አሮጌ ኬብሎች 28ኛው ሽቦ ከሁለቱም ስለሚገናኝ ሁለቱም ማስተር ሊሆኑ ይችላሉ፤ እዚያ ላይ በእጅ መወሰን ይሻላል። አሮጌው ኬብል ፍጥነትም ይገድባል፤ በሴኮንድ ከ33 ሜጋ ባይት በላይ ለመሄድ ባለ 80 ሽቦው ያስፈልጋል። በኬብሉ ጠርዝ ያለችው ቀይ መስመር 1ኛዋን ፒን ታመለክታለች፤ ዲስኩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፓወር መሰኪያው ትዞራለች። ዲስኩ አንድ ብቻ ከሆነ ጫፉ ላይ ይሰካ፤ መካከለኛው ላይ ቢሰካ ተንጠልጥሎ የቀረው የኬብል ጫፍ ሲግናሉን ያንጸባርቃል።

ሁለት ዲስክ በአንድ ኬብል ላይ ተራ በተራ እንጂ እኩል አይሠሩም። ካንዱ ወደ ሌላው ብዙ ፋይል የሚገለብጥ ሰው ማዘርቦርዱ ላይ ሁለተኛ የአይዲኢ መሰኪያ ካለ ለየብቻ ማስተር አድርጎ ቢሰካቸው ልዩነቱን ያየዋል።

ከማስተርና ስሌቭ ውጭ አንድ ሌላ የጃምፐር ቦታ አለ፣ ብዙ ሰው የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የነበሩ አንዳንድ ባዮሶች ከ33.8 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ዲስክ ሲያዩ ይደርቁ ስለነበር፣ አምራቾች ዲስኩ ራሱን ወደ 32 ጊጋ ባይት አሳንሶ እንዲያስተዋውቅ የሚያደርግ ቦታ ጨመሩ። 80 ጊጋ የተጻፈበት ዲስክ 32 ብቻ ካሳየ መጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ። 160 ጊጋው 137 ላይ ከቆመ ግን ጃምፐር አይፈታውም፤ ባዮሱ ወይም ዊንዶውሱ ለትልልቅ ዲስኮች የሚያስፈልገውን ባለ 48 ቢት አድራሻ አያውቅም ማለት ነው። ሰርቪስ ፓክ 1 የተባለው ማሻሻያ ያልተጫነበት ዊንዶውስ ኤክስፒ እንዲህ ያደርጋል።

አይዲኢን የተካው ሳታ የተባለ የዲስክ ማገናኛ ሲመጣ እያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ኬብል ስላገኘ ማስተርና ስሌቭ ቀረ፣ ፒኖቹ ግን በብዙ ዲስኮች ላይ አሉ። አዲስ የሳታ ዲስክ ቪያ ቪቲ8237 ቺፕ ያለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሰክተው ባዮሱ ጨርሶ ካላየው፣ ቺፑ በሴኮንድ 3 ጊጋ ቢት ከሚያስተላልፍ ዲስክ ጋር በፍጥነቱ ላይ መስማማት አቅቶት ይሆናል። ፍጥነቱን ወደ 1.5 ጊጋ ቢት የሚያወርደው ቦታ በዌስተርን ዲጂታል ዲስኮች ላይ 5ኛውና 6ኛው ፒን ነው።