ናክልሄድ፦ የሚልዋኪው ሞተር ብስክሌትና ፈላጊዎቹ

ናክልሄድ መቀመጫው በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የሆነው ሃርሊ ዴቪድሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1947 ያመረተው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ቅጽል ስም ነው። ውሎ አድሮ ሞተሩን የተሸከሙት ሞተር ብስክሌቶችም በዚሁ ይጠሩ ጀመር። ስሙን ያወጣው ፋብሪካው አይደለም፤ በኩባንያው ሰነዶች ላይ ያሉት ኢ፣ ኢኤል እና ኤፍኤል የሚሉ ፊደላት ናቸው። በሲሊንደሮቹ አናት ላይ የተቀመጠው የቫልቭ (ድብልቁን የሚያስገባና ጭሱን የሚያስወጣ በር) ክዳን ጎበጥ ጎበጥ ያለ በመሆኑ የተጨበጠ እጅ አንጓዎችን ይመስላል። «ናክል» በእንግሊዝኛ የጣት አንጓ፣ «ሄድ» ደግሞ ራስ ማለት ነውና ስሙ ከዚያ መጣ።

ሞተሩ የተወለደው በክፉ ዘመን ነው። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የአሜሪካን የሞተር ብስክሌት ገበያ አድቅቆት፣ ከሃርሊ ጋር የሚፎካከር ትልቅ አምራች ሆኖ የቀረው የስፕሪንግፊልዱ ኢንዲያን ነበር። ሁለቱም ትልልቅ ሞተሮቻቸውን የሚሠሩት ቫልቮቹን ከሲሊንደሩ ጎን አቁመው ነበር። ናክልሄድ ቫልቮቹን ወደ አናት አወጣቸው፤ የነዳጅና የአየሩ ድብልቅ ሳይጠማዘዝ ስለሚገባ 1,000 ሲሲ የሚጠጋው ኢኤል 40 የፈረስ ጉልበት ማውጣት ቻለ። ዘይቱም እንደ ቀድሞዎቹ ሞተሮች አንዴ ዞሮ የሚባክን ሳይሆን ወደ ጋኑ እየተመለሰ የሚሠራ ሆነ። መጋቢት 1937 እሽቅድድመኛው ጆ ፔትራሊ ለውድድር በተዘጋጀ ናክልሄድ በፍሎሪዳው የዴይቶና ባሕር ዳርቻ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር በመብረር ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1941 ደግሞ 1,200 ሲሲ የሚሆነው ኤፍኤል ተጨመረ።

የመጀመሪያው ዓመት ምርት ከሁሉ ይበልጥ ተፈላጊ ነው። ያኔ ሞተሩ በቫልቭ ክዳኖቹ በኩል ዘይት ያንጠባጥብ ነበር፤ ፋብሪካውም በዚያው ዓመት ብዙ ክፍሎችን እየለዋወጠ አሻሻለው። በዓመቱ መጀመሪያ የወጣውንና በዓመቱ መጨረሻ የወጣውን በትንሽ ብሎን ለይቶ የሚናገር ሰብሳቢ ማየት ያስደንቃል። የ1936 ምርቶች በጨረታ ከ100,000 ዶላር በላይ ያወጡበት ጊዜ አለ።

ዋጋውን ያናረው ቁጥሩ ማነሱ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ፋብሪካው ጉልበቱን ለሠራዊቱ 750 ሲሲ ሞተር ብስክሌቶች ስላዋለው የናክልሄድ ምርት ተመናመነ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ወጣቶች ክብደት ለመቀነስ ፓራፋንጎውን ቆረጡ፣ የፊት ሹካውን ለወጡ፣ ቀለሙን ፋቁ። በዚያን ጊዜ ይህ አሮጌ ብረት ነበርና ማንም አልተቆጨም። ሳይነካ ቆይቶ ከጎተራ የወጣ፣ የፋብሪካ ቀለሙ የደበዘዘና የተጫረ ናክልሄድ ዛሬ አዲስ ቀለም ከተቀባው የበለጠ የሚከበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኔም እምነት ተገቢ ነው። ቀለም ሁልጊዜ ሊቀባ ይችላል፣ የመጀመሪያው ግን አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በሞተሩ ግራ ጎን የተመታውን ቁጥር ነው። ሃርሊ እስከ 1969 ድረስ ሻንሲው ላይ የመለያ ቁጥር አይመታም ነበር፤ የብስክሌቱ ሕጋዊ ማንነት ያለው በሞተሩ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ፍቆ ሌላ መምታት የተለመደ ማጭበርበር ሆኗል። አዋቂዎች በርከክ ብለው የሞተሩን ሆድ ያያሉ፤ ከሥር በሞተሩ ቤት ሁለት ግማሾች ላይ የተመቱት ቁጥሮች ካልተዛመዱ ግማሾቹ አብረው ከፋብሪካ አልወጡም ማለት ነው። ዛሬ ከሞተር እስከ ነዳጅ ጋን ያለው ሁሉ አዲስ ተመስሎ ስለሚሠራ፣ አንድም የዘመኑ ብረት የሌለበት «ናክልሄድ» መገጣጠም ይቻላል።

በ1954 የተመሠረተው የአሜሪካ የጥንታዊ ሞተር ብስክሌቶች ክበብ ቢያንስ 35 ዓመት የሞላቸውን እየመረመረ ነጥብ ይሰጣል፤ መለኪያውም ከፋብሪካ ሲወጣ በነበረበት ሁኔታ መገኘቱ ነው።

መንዳቱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፍሪሲዮኑ በግራ እግር ይረገጣል፤ ማርሹ ከነዳጅ ጋኑ አጠገብ ባለ ዘንግ በግራ እጅ ይገባል፤ የግራው እጀታ ደግሞ የካንዴላውን የእሳት ጊዜ ያስቀድማል ወይም ያዘገያል። ሞተሩን በእግር ከመርገጥ በፊት እሳቱን ማዘግየት የረሳ ሰው መርገጫው በኃይል ተመልሶ ቁርጭምጭሚቱን ሊጎዳው ይችላል። ከኋላ ሞላ የለውም፤ የመንገዱን ጉድጓድ የሚያቀልለው ኮርቻው ሥር ያለው ምሰሶ ውስጥ የተደበቀው ሞላ ብቻ ነው።