ሪዞሉሽኑን የሚቆልፈው «ኖሞድሴት» ምንድን ነው?

በሊነክስ ላይ የላፕቶፕ ስክሪን 1024 በ768 ላይ ቀርቶ ሌላ ምርጫ አልሰጥ ሲል ብዙዎች የግራፊክስ ድራይቨሩን (የስክሪን ምስል የሚያወጣውን ክፍል የሚያሠራውን ፕሮግራም) ደጋግመው ይጭናሉ። ብዙ ጊዜ ግን ሰበቡ፣ ሲስተሙ ሲጫን ስክሪኑ ስለጨለመ በማስነሻው መስመር ላይ ተጨምሮ የተረሳው «ኖሞድሴት» (nomodeset) የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) በግራፊክስ ድራይቨሩ አማካይነት የስክሪኑን ሪዞሉሽን (የምስሉን የነጥቦች መጠን) ራሱ እንዳይወስን ስለሚከለክል፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ፈርምዌሩ (ከሊነክስ በፊት የሚሠራው የማሽኑ ውስጣዊ ፕሮግራም) ያዘጋጀው መጠን እንዳለ ይቀጥላል፤ ለምሳሌ ስክሪኑ 1920 በ1080 ቢሆንም፣ ፈርምዌሩ በ1024 በ768 ካስነሳው የሚታየው ምርጫ ያው ብቻ ይሆናል። ቃሉ እስካለ ድረስ የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨሮች በአግባቡ እንደማይሠሩ እርግጥ ነው (ደጋግሞ መጫንም አይረዳም)፤ የኤንቪዲያ የራሱ ድራይቨር ግን እንደ ስሪቱ ይለያያል። መፍትሔው ቃሉን ከግረብ (ሊነክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ GRUB) ቅንብር ፋይል ሰርዞ፣ እንደየሊነክስ ስርጭቱ በሚለያየው ትእዛዝ ግረብን አድሶ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ነው።